እናታችን ወለተ ጴጥሮስና የቆላው ግዞቷ

በየጊዜው በዚህ መጽሔታችን አንድ አባል ወይም ጥቂት አባላት ሆነን የሕይወት ልምዳችንን እንጽፋለን። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከሞተች ብዙ መቶ ዓመት ስላለፋት አንዲት እናት ነው። ለምን እሷን እንደመረጥን በቅድሚያ እንናገር፤ ምክንያቱ ከራሳችን ጥፋት ይጀምራልና።

ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን አንዷ ትንሽ ልጇን በወባ አጣች። እኛም እንደ ወጋችን ለቅሶ ደረስን። ውኃ ቀዳን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ከመዋጮው ሣጥን ለቀብሩ የሚሆን ገንዘብ አወጣን። እስከዚህ ድረስ የሚያሳፍር ነገር አልሠራንም። የተሳሳትነው በአፋችን ነው። አጠገቧ ቁጭ ያልን ሁሉ እግዚአብሔር ሊያስተምራት ብሎ እንዳደረገው፣ ነገሩ ሁሉ ለበጎ እንደሆነ፣ በዚህ መከራ በእምነቷ እንደምታድግ እየነገርን አጽናናናት። ያጽናናናት መሰለን እንጂ አላጽናናናትም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ከስብሰባ ቀረች፤ ቁጠባዋንም አቋረጠች። ሄደን ስንጠይቃት ልጇ የተፈጠረው ለእሷ ትምህርት መስጫ እንዲሆን ነው ሲባል መስማት እንዳቃታት በግልጽ ነገረችን።

ያን ቀን የምንመልስላት አጥተን ወጣን። ስንመለስም እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። መከራ ሰውን በእምነት ያሳድጋል ስንል በእውነት ምን ማለታችን ነው? ልጅ የሞተባት እናት ስታድግ ምን ትመስላለች? ከመካከላችን አንዷ በልጅነቷ ከቤተ ክርስቲያን የሰማችውን የእናታችንን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ታሪክ ያነሣችው በዚህ ጊዜ ነው። ሦስት ልጆች የሞቱባት፣ ለእምነቷ ወደ እኛ ወገን ወደ ምዕራቡ ቆላ የተጋዘች እናት ነበረች። ገድሏን አንብበንና የሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ እናካፍላችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1592 ነው። ወላጆቿ ትልቅ ርስት ያላቸው መኳንንት ነበሩ፤ አባቷና ወንድሞቿም በቤተ መንግሥት የታወቁ ሹማምንት ነበሩ። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ እባያ ይባላሉ። ገና በልጅነቷ ከዐፄ ሱስንዮስ አማካሪዎችና የጦር አዛዦች አንዱ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። እንግዲህ በሀብትም፣ በዘርም፣ በማዕረግም የጎደላት ነገር አልነበረም። አገልጋዮች ይፈጩላታል፣ ይቀዱላታል፣ ይጋግሩላታል።

ሐዘን ግን የሀብታም በር አይፈራም። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በጨቅላነታቸው ሞቱባት። ይህን ስናነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። በእኛ ቆላ ልጅ መቅበር ምን እንደሆነ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ወባው አለ፣ ካላዛሩ አለ፣ የመንገዱ ርቀት አለ። ወለተ ጴጥሮስ ከሦስተኛው ልጇ በኋላ ትዳሩም ቤቱም ልቧን አልሞላው አለ። ጾምና ጸሎት አበዛች፤ ቤተ ክርስቲያን ውላ ማደር፣ ድሆችን ማብላት ሥራዋ ሆነ። ዓለምን ትታ መመንኮስን ተመኘች።

በዚህ መካከል አገሪቱ ታመሰች። ከፖርቱጋልና ከስፔን የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት ሳቡት። ንጉሡ በመጀመሪያ በምሥጢር፣ በ1622 ደግሞ በይፋ እምነቱን ለወጠ፤ ሕዝቡንም እንዲለውጥ አስገደደ። ብዙ ደም ፈሰሰ። ይህን የምንጽፈው የዛሬዎቹን ካቶሊክ እኅቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱ በዚያ ዘመን በተሠራው አይጠየቁም። ሃይማኖትን በሰይፍ ማስለወጥ ምን እንደሚያመጣ ግን መታወስ አለበት።

ባሏ መልክአ ክርስቶስ ዐመፁን ለማብረድ ከንጉሡ ጦር ጋር ሲዘምት ወለተ ጴጥሮስ አጋጣሚውን ተጠቅማ በሌሊት ከቤቷ ወጣች። የረዷት መነኮሳት ነበሩ። ወደ ጣና ገዳማት አቅጣጫ ሸሸች። ባሏ ግን ወሬውን ሲሰማ ወታደር ይዞ ተከተላት። በተሸሸገችበት ሰፈር ያሉ ሰዎች ንብረታቸው ተዘረፈ፣ ቤታቸው ፈረሰ። የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ለሕዝቡ ስትል እንድትመለስ ለመኗት። ተመለሰች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ከመካከላችን ወደማይፈልጉት ቤት የተመለሱ ሴቶች አሉ። ለልጅ ሲሉ፣ ለቤተሰብ ሰላም ሲሉ፣ ሽማግሌ ስለለመናቸው። ብዙ ጊዜ መመለሳቸውን እንደ ሽንፈት ያዩታል። ወለተ ጴጥሮስም የመጀመሪያ ሙከራዋ ከሽፏል። ጎረቤት እንዳይጎዳ ብላ የምትወደውን ትታ ተመለሰች። ቅድስናዋ የሚተረከው ግን ይህ መመለስ ተሰርዞ አይደለም። ገድሉ ሳይደብቅ ጽፎታል። የእሷ መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ የእኛም አይደለም።

ብዙ ሳይቆይ፣ በ1617፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦርነቱ ተገደሉ። ባሏ በዚያ ዘመቻ እጁ እንዳለበት፣ የጳጳሱም ልብስ በእጁ እንደገባ ወለተ ጴጥሮስ ዐወቀች። ከዚያ ወዲያ ከእሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር መኖር አልቻለችም። ጌጧን ጣለች፣ መብልና መጠጥ ተወች፤ በመጨረሻ እሱም መያዝ እንደማይችል ገባውና ለቀቃት። በሃያ አምስት ዓመቷ መነኮሰች።

ከምንኩስናዋ ዘመን እኛን ከሁሉ በላይ የነካን ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሥራዋ ነው። የመኳንንት ልጅ፣ የጦር አዛዥ ሚስት የነበረች ሴት ወፍጮ ላይ ተንበርክካ እህል ፈጨች፤ እንጨት ለቀመች፤ ውኃ ቀዳች። ለእኛ ይህ የዕለት ኑሯችን ስለሆነ ብዙም አይደንቀን ይሆናል። እሷ ግን ሌሎች ሲሠሩላት ያደገችውን ሥራ በገዛ እጇ ስትሠራ ነበር ቀድሞ ያላየቻቸውን አገልጋዮች ሕይወት ያወቀችው። ሁለተኛው ወዳጅነቷ ነው። እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሌላ መነኩሲት ጋር ተገናኘች። ልብ ለልብ ተግባቡ፤ ጓደኝነታቸውም እስከ ዕለተ ሞት አልተቋረጠም። ወለተ ጴጥሮስ ያን ሁሉ መከራ ብቻዋን አልተሸከመችም።

ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት በከለከለ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላለችም። እምነቱን የለወጠ ንጉሥ ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ በየሄደችበት አስተማረች። በዚህ ምክንያት ተይዛ ንጉሡ ፊት ቀረበች። ሞት ሊፈረድባት ተቃርቦ ነበር። ያተረፏት ዘመዶቿና የቀድሞ ባሏ ናቸው፤ ቁጣው እንዲበርድ ለመኑላት። ትናንት በወታደር ያሳደዳት ሰው ዛሬ ስለ ነፍሷ አማለደ። ይህን በቀላሉ እንዳናልፈው እንመክራለን። የበደለን ሰው ሁልጊዜ እንደበደለ እንደማይኖር ከዚህ ተምረናል። ወለተ ጴጥሮስ ግን ምልጃውን ተቀብላ ወደ ቤቱ አልተመለሰችም። ይቅር ማለትና ወደ አደጋ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ ወደ ዋልድባ ገዳም ሄደች። ገድሏ እንደሚተርከው በዚያ ጌታ ተገልጦላት ብዙ ነፍሳትን እንድትመራ፣ ሰባት ማኅበራትን እንድታቋቁም አዘዛት። እሷ ግን እምቢ ለማለት ሞከረች። ለራሷ እንኳን እንደማትበቃ፣ የሰው ነፍስ መሸከም እንደማትችል አሰበች። የምትፈልገው ጸጥ ብላ መጸለይ ብቻ ነበር። ይህም እኛን ያጽናናናል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ እንምረጥ በተባለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የምንሸሸግ ብዙዎች አለንና!

በዋልድባም ማስተማሯን ስለቀጠለች እንደገና ተይዛ ቀረበች። በዚህ ጊዜ ንጉሡ የኢየሱሳውያን አለቃ ለነበረው ለፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ አሳልፎ ሰጣት። በየቅዳሜው እየቀረበች እንድትማርና እምነቷን እንድትለውጥ ተፈረደባት። ለብዙ ጊዜ አከራከሯት፣ አባበሏት፣ አስፈራሯት። አልሆነም። በመጨረሻ ንጉሡ ለሦስት ዓመት ወደ ዠበይ እንድትጋዝ አዘዘ።

ዠበይ ከጣና በስተ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን በሚወስደው ቆላ ያለ አገር ነበር። በቤተ መንግሥት ሰዎች ዘንድ ወደዚህ ቆላ መላክ ከሞት እምብዛም አይለይም ነበር። ሙቀቱ፣ ንዳዱ፣ የማያውቁት ሕዝብ፣ የማያውቁት ቋንቋ ያስፈራቸዋል። ገድሉን የጻፈው ደገኛ መነኩሴ ስለሆነ ቆላውንና ሕዝቡን የሚያየው በደገኛ ዓይን ነው። እኛ ደግሞ ይህንኑ በቆላ ሰው ዓይን አነበብነው። ለእሷ ቅጣት የነበረው ምድር ለእኛ ቤታችን ነው። ሰሊጡንና ማሽላውን የምናበቅልበት፣ ልጆቻችንን የምናሳድግበት፣ ሙታኖቻችንን የቀበርንበት ምድር ነው። ብዙዎቻችንም ከደጋ የመጣነው ወደን አይደለም። አንዳንዶቻችን ለሳሉግ ሥራ የመጡ ባሎቻችንን ተከትለን፣ አንዳንዶቻችን በሠፈራ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ከጦርነት ሸሽተን ነው። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ ዮሐንስ በኩል ልጅ አዝለው የገቡትን እናቶች ያየን፣ የማያውቁት አገር መግባት ምን እንደሚመስል ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም።

ገድሉ እንደሚለው የዠበይ ገዥ በመጀመሪያ ከበዳት፤ በኋላ ግን ልቡ ተመልሶ አከበራት። ከዚያ ንጉሡ ያላሰበው ነገር ሆነ። ከድምፅ እንድትርቅ የተላከችበት ቦታ ሰው መሰብሰቢያ ሆነ። በእምነታቸው ምክንያት ከቤታቸው የተሰደዱ ሴቶችና ወንዶች፣ መነኮሳትና ምእመናን እየፈለጉ ወደ እሷ መጡ። እኅተ ክርስቶስም መጣች። በዋልድባ ልትሸሸው የፈለገችው አደራ በግዞት አገር ተከትሎ ያዛት። ከሰባቱ ማኅበራት የመጀመሪያው የተመሠረተው በዚያ ቆላ፣ በዠበይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄያችን መልስ ያገኘው። ቀድሞ የምናስበው መከራው ራሱ ሰውን እንደሚያሳድግ ነበር። የወለተ ጴጥሮስን ሕይወት ስናይ ግን ግዞቱ በራሱ በጎ ነገር አልነበረም። ንጉሡ ክፉ አደረገ፤ ክፉም ሆኖ ቀረ። የሦስቱ ልጆች ሞትም ስጦታ አልነበረም። እሷን ያሳደጋት በመከራው ውስጥ ሆና ለሌላው የተከፈተው በሯ ነው። ብቻዋን ልታለቅስ በተላከችበት አገር ሌሎች የሚያለቅሱ ሰዎች ሲመጡ አልመለሰቻቸውም። ያላትን አካፈለች፣ አብራ ጸለየች፣ አብራ ፈጨች። ልጅ የሌላት ሴት የብዙዎች እናት የሆነችው እንዲህ ነው። በእምነት ማደግ ማለት ከሐዘን ነጻ መሆን አለመሆኑን፣ ይልቁንም ሐዘናችንን እንደያዝን ለሌላው ቦታ መስጠት መሆኑን ከዚህ ተረዳን።

ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ወደ ጣና አካባቢ ተመለሰች። ማኅበሯ ግን ዕረፍት አላገኘም። ከዠበይ በኋላ በጫንቋ፣ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በደምቦዛ፣ በአፈር ፈረስና በዘቦል በተራ ሰፈሩ። አንዳንዴ የንጉሡን ወታደር ሸሽተው፣ አንዳንዴ በማኅበሩ ላይ በሽታ ወድቆ ይነሣሉ። በታንኳ ሐይቁን ያቋርጣሉ፤ ደርሰው ጎጆ ይቀልሳሉ፤ ጥቂት ሲረጋጉ እንደገና ይነቀላሉ። በየቦታው ሰው ቀብረዋል። ንብረታቸው የጋራ ነበር፤ ሁሉም ይሠራል፣ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል። የባሪያ ልጅና የመኳንንት ልጅ አብረው ይቀመጡ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩበትን ይህን ማኅበር የምትመራው አንዲት ሴት ነበረች።

በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የሕዝቡን እልቂት አይቶ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀደ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለዐፄ ፋሲለደስ አስረከበ። ያሳድዷት የነበሩት ተሸነፉ። ወለተ ጴጥሮስ ግን ለበቀልም ለሹመትም ወደ ቤተ መንግሥት አልሄደችም። ማኅበሯን ማስተዳደር ቀጠለች። ቀሪዎቹ ዐሥር ዓመታት የሥራ ዓመታት ነበሩ። እህል የመፈለግ፣ ቤት የመሥራት፣ የተጣላ የማስታረቅ፣ የታመመ የማስታመም። ስለ ቅዱሳን ስንሰማ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ተአምሩን ነው፤ የሷም ገድል ብዙ ተአምራት ይቆጥራል። እኛ ግን ይህ የዐሥር ዓመት ድካም ከተአምራቱ የሚያንስ አልመሰለንም።

ሦስት ወር ታማ ኅዳር 17 ቀን አረፈች። ዘመኑ 1642 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር 1635 ዓ.ም.። ሃምሳ ዓመቷ ነበር። በጣና በምትገኘው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ከእሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው ያች የጥንት ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እሷም በ1649 አረፈች። በማግሥቱ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ በቆራጣ ለማኅበሩ ርስት ሰጠ። ከንጉሥ ቁጣ የሚሸሽ ሰው ለብዙ ዘመን የሚማጠነው በዚያ በስሟ በተሠራው ደብር ነበር። ራሷ ከንጉሥ የሸሸች ሴት ከሞተች በኋላም ለሸሹ መጠጊያ ሆነች።

ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በሕይወት የነበሩትን ደቀ መዛሙርቷን እየጠየቀ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። በ2015 ደግሞ በአሜሪካ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ስለ አንዲት አፍሪካዊት ሴት ሕይወት ከተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ መሆኑን ስንሰማ ኮራን። እነዚያ ሴቶች ያዩትን ባይናገሩ ኖሮ አንድም ቃል አይደርሰንም ነበር። በዚህ መጽሔት የምንጽፈውን ትንሽ ጽሑፍ እንደ ቀልድ እንዳናየው ይህ ያስታውሰናል።

አሁን ወደ እኅታችን እንመለስ። ታሪኩን ካነበብን በኋላ ሁለት ሆነን ወደ ቤቷ ሄድን። በዚህ ጊዜ ምክር አልያዝንም። ቡና ይዘን ሄድን። ስለተናገርነው ይቅርታ ጠየቅናት። ከዚያ ስለ ልጇ እንድትነግረን ለመንናት፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር። ጎረቤቷ የሆነች ሙስሊም እኅታችን መጥታ ነበር። ለካስ እሷ በነዚያ ሁለት ወራት በየቀኑ እየመጣች አብራት ስትቀመጥ፣ ውኃ ስትቀዳላት ኖራለች። አንድም ቀን ስለ ምክንያቱ አልተናገረችም። እኛ ከገድል ያነበብነውን እሷ አስቀድማ አድርጋው አገኘናት።

እኅታችን በሚቀጥለው ወር ስብሰባ መጣች። ደስ ብሏት አልነበረም፤ ፊቷ እንደጠቆረ ነው። ግን መጣች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ አባላችን ስታዝን ማንም ሳይልካት ቀድማ የሄደች እሷ ናት። ብዙ እንዳልተናገረች፣ ዝም ብላ ወፍጮ ቤት ሄዳ ዱቄቱን አስፈጭታ እንደመጣች ሐዘንተኛዋ ነግራናለች። የልጇ ሞት ለዚህ ሲባል ነው አንልም። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋችን አይወጣም።

በማኅበራችን ሁለት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ አባል ሲያዝን እስከ አርባው ድረስ ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እንሄዳለን፤ ሥራ እንሠራለን እንጂ ምክንያት አንሰጥም። ሁለተኛ፣ በሐዘን ወይም በሕመም ምክንያት ቁጠባ ያቋረጠች አባል ለስድስት ወር መቀጫ አትከፍልም፤ ቦታዋም ይጠበቅላታል። ደጋፊዎቻችን የላካችሁልን ድጋፍ ከፊሉ ይህን ክፍተት ለመሸፈን እንዲውል በጠቅላላ ጉባኤ ተስማምተናል፤ ስለ ልግስናችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ ኅዳር 17 ነው። በዚያ ሰሞን ሰሊጡ ተሰብስቦ፣ ማሽላው ገና በማሳ ላይ ስለሚሆን ሁላችንም ሥራ ይበዛብናል። ቢሆንም በዚያ ቀን ማታ ለጥቂት ሰዓት እንገናኛለን። ልጅ የቀበራችሁ፣ ከአገር የተሰደዳችሁ፣ ወደማትፈልጉት ቤት የተመለሳችሁ እኅቶች በተለይ ኑ። ቡናው ከእኛ ነው።